የልጆችን ቁጥር የሚወስን ማነው?



ዛሬ ዕድሜዋ ሰባ ዓመት ያለፋት አንዲት የደቡብ ኮሪያ ሴት በሕይወቷ ዘመን ከአገሯ መንግሥት እርስ በርሱ የሚቃረን ሁለት ምክር ሰምታለች። አዲስ ሙሽራ በነበረችበት ጊዜ በየመንገዱና በየጤና ጣቢያው የተለጠፈው ማስታወቂያ፣ ወንድ ይሁን ሴት ሳትለዩ ሁለት ብቻ ውለዱና በደንብ አሳድጉ ይላት ነበር። ዛሬ የልጅ ልጅ ለማቀፍ በምትጓጓበት ዕድሜ ደግሞ ያው መንግሥት ወጣቶቹን እባካችሁ አግቡ፣ እባካችሁ ውለዱ፣ ለወለደ ገንዘብ እንሰጣለን እያለ ይማጠናቸዋል። የመጀመሪያው ምክር በሚገባ ተሰምቷል፤ ሁለተኛው ግን ብዙ ሰሚ አላገኘም።

ይህ ነገር በኮሪያ ጎልቶ ይታይ እንጂ የኮሪያ ብቻ አይደለም። ከ60 ዓመት በፊት የዓለምን ሊቃውንትና መሪዎች እንቅልፍ የነሣቸው የሕፃናት መብዛት ነበር። ዛሬ ደግሞ ከዓለም አገሮች ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ የሚወለዱት ሕፃናት ወላጆቻቸውን ለመተካት አይበቁም። በዛሬው ንግግራችን ይህ መገለባበጥ እንዴት እንደ ደረሰ፣ ይልቁንም የመንግሥት ክንድ ወደ ባልና ሚስት ቤት ገብቶ የልጆችን ቁጥር ለመወሰን እስከምን ድረስ እንደሚችል ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አድማጮቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

አስቀድሞ ስለ መለኪያው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የሕዝብን ቁጥር የሚያጠኑ ሊቃውንት የአንድን አገር የወሊድ መጠን የሚለኩት አንዲት ሴት በመውለጃ ዕድሜዋ ሁሉ በአማካይ ስንት ልጅ እንደምትወልድ በማስላት ነው። ይህ ቁጥር 2.1 ሲሆን ሕዝቡ ከጊዜ በኋላ ሳይጨምርም ሳይቀንስም ራሱን ይተካል። ሁለቱ ልጆች በአባትና በእናት ፋንታ የሚቆሙ ናቸው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለችው ትንሿ ቁጥር ደግሞ ለአካለ መጠን ሳይደርሱ ለሚሞቱትና፣ ወንዶች ከሴቶች ጥቂት በዝተው ስለሚወለዱ ለዚያ ማካካሻ ናት። የሕፃናት ሞት በበዛበት አገር ማካካሻው ከዚህ ከፍ ይላል።

ስለ ሕዝብ መብዛት መጨነቅ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ቄስ ቶማስ ማልተስ በ1798 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሕዝብ በእጥፍ እጥፍ ሲባዛ ምግብ ግን በጥቂት በጥቂቱ ብቻ ስለሚጨምር፣ ልዩነቱን ረኃብና በሽታ እየገቡ ያስተካክሉታል ብለው ነበር። በእርሳቸው ዘመን የዓለም ሕዝብ ወደ 1 ቢሊዮን ይጠጋ ነበር። በ1960 ቁጥሩ 3 ቢሊዮን ደረሰ፤ በዚያ አሥር ዓመት ውስጥም በየዓመቱ ከመቶ ሁለት ያህል እየጨመረ ሄደ። በዚህ አካሄድ አንድ ሕዝብ በ35 ዓመት ውስጥ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሕዝቡ የበዛው እናቶች ከቀድሞው ይልቅ አብዝተው መውለድ ስለ ጀመሩ አይደለም። ክትባት፣ ፔኒሲሊንና የወባን ትንኝ የሚገድል መድኃኒት ወደ ድኾች አገሮች ስለ ገቡ ሞት በድንገት ቀነሰ። አያቶቻችን ስምንት ወልደው ሦስት ወይም አራት ያሳድጉ ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ግን ስምንት ወልዶ ሰባቱን አሳደገ። ስለዚህ የዘመኑ ጭንቀት ከታላቅ የምሥራች የተወለደ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የሆነ ሆኖ ጭንቀቱ እውነተኛ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ፖል ኧርሊክ በ1968 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ውስጥ በመቶ ሚሊዮን የሚቈጠር ሰው በረኃብ ያልቃል ብለው ተነበዩ። በዚያ መጠን ያለ እልቂት አልደረሰም። በ1970 የሰላም የኖቤል ሽልማት የተሸለሙት ኖርማን ቦርሎግና ባልደረቦቻቸው ያዳቀሉት የስንዴ ዘር፣ በሌሎች የተዳቀለውም የሩዝ ዘር የእስያን አዝመራ አበዛው። መጽሐፉ ግን በመሪዎች ዘንድ ሥራውን ሠርቶ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሕዝብ ጉዳይ ድርጅት በ1969 ሥራውን ጀመረ፤ የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሮበርት ማክናማራም የሕዝብ መብዛት ለልማት ዋና እንቅፋት ነው እያሉ በየአደባባዩ ተናገሩ።

አሁን ወደ ኮሪያ እንመለስ። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ከ1951 ጀምሮ ደማቸውን ያፈሰሱላት ኮሪያ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ከተሞቿ የፈራረሱ፣ ሕዝቧም እጅግ የደኸየ አገር ነበረች። በ1960 አንዲት የኮሪያ ሴት በአማካይ ስድስት ያህል ልጆች ትወልድ ነበር። በ1961 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዙት ጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ የአምስት ዓመቱን የልማት ዕቅድ በ1962 ሲጀምሩ የቤተ ሰብ ምጣኔንም ከዕቅዱ ጋር አጣምረው አስኬዱት። ፋብሪካው የሚያስገኘው ሀብት በሕፃናት ቀለብ እንዳያልቅ ነው ተባለ።

ሥራው የተካሄደው እንደ ወታደር ቤት በተደራጀ አኳኋን ነበር። በየወረዳው ሠራተኛ ተመደበ፤ በየጤና ጣቢያው የማኅፀን ሉፕ በነፃ ተሰጠ። በ1966 ደግሞ ሦስት ልጅ፣ በሦስት ዓመት ልዩነት፣ ከ35 ዓመት ዕድሜ በፊት የሚል ሕዝብ ሁሉ በቃሉ የያዘው መመሪያ ወጣ። ከሁሉ ይልቅ ግን ፍሬ ያፈራው በ1968 በየመንደሩ የተቋቋመው የእናቶች ማኅበር ይመስለናል። እነዚህ እናቶች ክኒኑን ለጎረቤቶቻቸው ከማደላቸው በላይ፣ ኮሪያውያን ኬ የሚሉትን፣ ከእኛ ዕቁብ ጋር አንድ የሆነውን የገንዘብ መሰብሰቢያ አብረው ይጥሉ ነበር። ዕቁብ ለመጣል የተሰበሰበች ሴት ስለ ልጆቿ ብዛትም ከጓደኞቿ ጋር ትመክራለች፤ የሹም ቃል ከማይገባበት ቤት የጎረቤት ቃል ይገባል።

ማባበያም አልቀረም። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መካን የሚያደርገውን ቀላል ቀዶ ሕክምና የተቀበለ ወንድ ከተጠባባቂ ጦር ልምምድ ቀሪው ሰዓት ይማርለት ነበር፤ በሶልም የሚሠሩትን የመኖሪያ ሕንፃዎች ለመግዛት ቅድሚያ ይሰጠው ነበር። ቤት ፈላጊ በበዛበት ከተማ ይህ ቅድሚያ ምን ያህል እንደሚያጓጓ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። የወሊድ መጠኑ በ1970 ወደ 4.5 ዝቅ አለ፤ በ1983 ሕዝብን ለመተካት ከሚያስፈልገው ከ2.1 በታች ወረደ። አውሮፓውያን መቶ ዓመት ያህል የፈጀባቸውን መንገድ ኮሪያ በ20 ዓመት ገደማ ጨረሰችው።

መንግሥቱ ይህን ሁሉ የእኔ ሥራ ነው ቢል የሚደንቅ አይደለም። ነገር ግን በዚያው ዘመን ሌላ ነገርም ይሠራ ነበር። ሕፃናት መሞታቸውን ተዉ፤ ስለዚህ ለመጠባበቂያ ብሎ አብዝቶ መውለድ ቀረ። ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከዚያም ፋብሪካ ገቡ። ገበሬው ወደ ከተማ ፈለሰ። በገጠር በሰባት ዓመቱ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ለአባቱ ረዳት ነው፤ በከተማ ግን ያው ልጅ ደብተር፣ ጫማና የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠይቅ ነው። ልጅ በዕድሉ ያድጋል የሚለው የአባቶቻችን አባባል በከተማ ኪራይ ቤት ውስጥ ብዙ አያስኬድም።

የብራዚል ምሳሌ ይህን ግልጽ ያደርገዋል። ብራዚል ወሊድን ለመቀነስ ብሔራዊ ዘመቻ አካሂዳ አታውቅም። ሆኖም በ1960 ስድስት ይደርስ የነበረው የወሊድ መጠኗ በ2000 ወደ 2.4 ወረደ። በዚያ የነበረው ሰባኪ መንግሥት አልነበረም፤ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ማታ ማታ በቴሌቪዥን የሚታየው ተከታታይ ድራማ ነበር። በድራማው ውስጥ ያሉት ሴቶች ያማሩ፣ የደላቸው፣ አንድ ልጅ ያላቸው ወይም ጭራሹን ልጅ የሌላቸው ነበሩ። ሥርጭቱ በደረሰባቸው አውራጃዎች ወሊድ ከሌሎቹ ይልቅ ቀንሶ ተገኘ። ደራሲዎቹ ስለ ሕዝብ ብዛት ለመስበክ ያሰቡ አይመስልም፤ የልጆች መንጋ በጠባብ የፊልም ክፍል ውስጥ ለታሪኩ አይመችም ነበር እንጂ።

እንግዲህ በኮሪያ መንግሥት የከፈተው በር ሕዝቡ አስቀድሞ ሊገባበት ይፈልገው የነበረውን ነው። ሕዝቡ ባልፈለገበት ስፍራ በኃይል ለመግፋት በተሞከረ ጊዜ የሆነውን ደግሞ ህንድ ታስተምረናለች።

ህንድ የቤተ ሰብ ምጣኔን ከ1952 ጀምሮ የመንግሥት ሥራ ያደረገች የመጀመሪያዋ አገር ናት። በሰኔ 1975 ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ካወጁ በኋላ፣ ምንም የመንግሥት ሹመት ያልነበረው ልጃቸው ሳንጃይ ዘመቻውን በእጁ አስገባ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ወንዶች፣ መካን የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ልብ ሊባል የሚገባው የአፈጻጸሙ መንገድ ነው። ኮታ የተሰጠው ለጸሐፊዎች፣ ለመምህራንና ለወረዳ ሹማምንት ነበር። አንድ መምህር የተወሰነለትን ያህል ሰው ለቀዶ ሕክምና ካላቀረበ ደመወዙ የሚታገድበት፣ የደረጃ ዕድገቱም የሚቀርበት ቦታ ነበር። በኅዳር 1976 በሃርያና ክፍለ ሀገር ኡታዋር የተባለውን መንደር ፖሊሶች ሌሊት ከበው ወንዶቹን ለቅመው ወሰዱ። በመጋቢት 1977 ምርጫ በተደረገ ጊዜ የሆነውን መገመት አያስቸግርም፤ ገዢው ፓርቲ ወደቀ፤ እናትና ልጅም ለምክር ቤት በተወዳደሩበት ስፍራ ተሸነፉ። መሥሪያ ቤቱ እንኳ ስሙ ተለውጦ የቤተ ሰብ ደኅንነት ተባለ። የህንድ ወንዶች ከዚያ በኋላ ያን ቀዶ ሕክምና ስለ ሸሹት ሸክሙ ሁሉ በሴቶቹ ላይ ወደቀ። ዛሬ የህንድ የወሊድ መጠን ወደ 2 ወርዷል፤ ያወረደው ግን የፖሊስ ከበባ አይደለም።

የቻይና ነገር ከዚህም ይረቃል። በ1970ዎቹ የቻይና መንግሥት ዘግይታችሁ አግቡ፣ አራርቃችሁ ውለዱ፣ ጥቂት ውለዱ የሚል ዘመቻ አካሂዶ፣ ጫና ያልተለየው ቢሆንም፣ የወሊድ መጠኑ በ1970 ከነበረበት ወደ ስድስት ከሚጠጋ ቁጥር በ1979 ወደ 2.7 ገደማ ወርዶ ነበር። ይህም ማለት ታዋቂው የአንድ ልጅ ሕግ በ1980 ከመጽናቱ በፊት ታላቁ ቅናሽ አልቆ ነበር ማለት ነው። ሕጉ እንዲወጣ ስሌቱን ካቀረቡት ሰዎች አንዱ የሚሳይል መቈጣጠሪያ ሊቅ የነበሩት ሶንግ ጂያን ነበሩ። ሚሳይል በቀመር ይመራል፤ ባልና ሚስትም እንዲሁ ይመራሉ ተብሎ ታሰበ። በ1983 ብቻ ከ20 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች እንዲመክኑ ተደረገ፤ በስድስትና በሰባት ወር እርግዝና ላይ ያሉ ሴቶች ሳይቀሩ ፅንሱን እንዲያስወርዱ የተገደዱበት ጊዜ ነበር። አንድ ልጅ ብቻ ከተፈቀደ ያ አንዱ ወንድ ይሁን ያለው ቤተ ሰብም ብዙ ስለ ነበር ከ100 ሴቶች ጋር የሚወለዱት ወንዶች ቁጥር እስከ 120 ወጣ። በኮሪያም ሕጉ ሳይኖር በ1990 ቁጥሩ ከ116 አልፎ ነበር፤ የፅንስን ጾታ የሚያሳየው መሣሪያ የሴት ልጆችን መወለድ የሚያስቀር ሆኖ ነበርና።

ቻይና ሁለት ልጅ ለሁሉ የፈቀደችው ከ2016 መግቢያ ጀምሮ፣ ሦስት ልጅ የፈቀደችው በ2021 ነው። በ2016 ወደ 18 ሚሊዮን ገደማ ሕፃናት ተወለዱ፤ በ2023 የተወለዱት ግን 9 ሚሊዮን ብቻ ናቸው። በ2022 የአገሪቱ ጠቅላላ ሕዝብ ከ1961ዱ ረኃብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ። ክልከላው ተነሥቶ ወሊዱ ግማሽ ሆነ ቢባል ሰሚው ይስቃል፤ ነገር ግን የሆነው ይኸው ነው።

ኃይልን በተቃራኒው መንገድ የሞከረችው ሮማንያ ናት። ቻውሼስኩ ሕዝቡ አነሰብኝ ብሎ በጥቅምት 1966 ፅንስ ማስወረድን በ770ኛው ድንጋጌ ከለከለ፤ የወሊድ መከላከያም ከገበያ ጠፋ። በ1966 ወደ 274 ሺህ የነበሩት ወሊዶች በ1967 ወደ 528 ሺህ ደረሱ። በአንድ ዓመት እጥፍ! ትእዛዝ ልጅ ያስወልዳል የሚል ሰው ይህን ቁጥር ቢጠቅስ አይፈረድበትም። ግን የሚቀጥለውን ገጽ መግለጥ አለበት። ሕዝቡ መላውን ፈልጎ አገኘ፤ መጠኑም ከዓመት ወደ ዓመት ቁልቁል ሄዶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሁለት ገደማ ተመለሰ። በስውር ፅንስ ሲያስወርዱ የሞቱት ሴቶች ወደ 10 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል፤ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች ቁጥርም ከአውሮፓ አገሮች ሁሉ የበለጠ ሆነ። ድንጋጌው የተሻረው ቻውሼስኩ በተገደለ ማግሥት፣ በታኅሣሥ 26 ቀን 1989 ነው። በየሕፃናት ማሳደጊያው ተጥለው የተገኙትን ከመቶ ሺህ በላይ ልጆች ዓለም ያየው ከዚያ በኋላ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ፈተናዎች በኋላ በ1994 በካይሮ የተሰበሰቡት 179 መንግሥታት ከሕዝብ ቁጥር ግብ ይልቅ የሴቲቱ ጤናና ፈቃድ ይቅደም ብለው ተስማሙ። ስምምነቱ የመልካም ጠባይ ቃል ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ኮታ ባለበት የሚሠራው ሥራ ሁሉ እንደሚበላሽ ህንድና ቻይና በተግባር አሳይተው ስለ ነበር፣ የአስተዳደር ብልኅነትም ነበረበት።

ኮሪያ ወሊድ የመቀነሱን ዘመቻ ያቆመችው በ1996 ነው። በ2005 የወሊድ ማነስን የሚመለከት ሕግ አውጥታ ወደ ተቃራኒው ፊቷን አዞረች፤ ከዚያም ወዲህ ለዚህ ጉዳይ ያወጣችው ገንዘብ ወደ 200 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ይነገራል። ለወላጆች አበል፣ ለሕፃናት መዋያ፣ ለመካኖች ሕክምና፣ ለአዲስ ተጋቢዎች የቤት ብድር ተሰጠ። በ2024 አንድ የሕንፃ ሥራ ኩባንያ ልጅ ለወለደ ሠራተኛው ሁሉ 100 ሚሊዮን ዎን፣ ይኸውም 75 ሺህ ዶላር ያህል መስጠት ጀመረ። በዚህ ሁሉ መካከል የወሊድ መጠኑ በ2018 ከአንድ በታች ወረደ፤ በ2023 ደግሞ 0.72 ሆነ።

ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ሲታይ ትርጉሙ አይጎላም። 100 ባልና ሚስት፣ ማለት 200 ሰዎች እናስብ። በዚህ መጠን ከወለዱ 72 ልጆች ይኖሯቸዋል። ከ72ቱ እኩሌታው ሴቶች ቢሆኑና እነርሱም እንደ እናቶቻቸው ቢወልዱ 26 ልጆች ይሆናሉ። ሁለት መቶ አያቶች፣ ሰባ ሁለት ልጆች፣ ሃያ ስድስት የልጅ ልጆች። ሃያ ስድስቱ አድገው ጡረታቸውን ሊከፍሉላቸውና ሊያስታምሟቸው የሚገባቸው ሽማግሌዎች ስንት እንደሚሆኑ፣ ከደመወዙ ላይ በየወሩ የጡረታ መዋጮ የሚቈረጥበት አድማጫችን ራሱ ያስላው። በኮሪያ ገጠር ተማሪ አጥተው የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው።

ገንዘቡ ስለምን አልሠራም? ኮሪያውያን ወጣቶች ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ የተሰወረ አይደለም። ከ10 ተማሪዎች 8ቱ ያህል ከመደበኛው ትምህርት ቤት ወጥተው ማታ በክፍያ ወደሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ልጁን ወደዚያ ያልላከ ወላጅ ልጁን እንደ በደለ ይቈጠራል። ሁለት ወልዳችሁ በደንብ አሳድጉ ከተባለው ምክር ውስጥ ሕዝቡ አጥብቆ የያዘው ሁለት የሚለውን ሳይሆን በደንብ የሚለውን ነው እንላለን። በደንብ የሚለው ደግሞ ዋጋው በየዓመቱ ይወደዳል። በሶል የቤት ዋጋ ለወጣት ደመወዝተኛ የማይቀመስ ነው። የሥራው ሰዓት ረጅም ነው፤ የወለደች ሴት ሥራዋን ትለቃለች ወይም ወደ ታች ትወርዳለች፤ ወደ ቤት ስትመለስም ማጀቱ እርሷን ብቻ ይጠብቃል። ሴት ልጁን እስከ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ አገር ያቺ ልጅ እንደ አያቷ እንድታገባ ሲጠብቃት፣ ብዙዎቹ ጭራሹን አለማግባትን መረጡ። ከጋብቻ ውጪ መውለድ በኮሪያ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ጋብቻው ሲቀር ልጁም አብሮ ይቀራል። ይህን ሁሉ የተመለከተች አንዲት የባንክ ጸሐፊ፣ መንግሥት የሰጣትን አበልና ልጁ እስኪያድግ የሚያስወጣትን ወጪ ጎን ለጎን ጽፋ ብትደምር የትኛው እንደሚከብድ ለመገመት አያዳግትም።

ሌሎችም ሞክረዋል። ሀንጋሪ አራትና ከዚያ በላይ ልጆች ያላትን እናት ከ2020 ጀምሮ ዕድሜዋን ሙሉ ከገቢ ግብር ነፃ አድርጋለች፤ ወሊዱ ከ2011 እስከ 2021 ከ1.23 ወደ 1.6 ገደማ ከፍ ካለ በኋላ እንደ ገና ከ1.4 በታች ወርዷል። ስዊድን ለእናትና ለአባት በጋራ 480 ቀን ደመወዝ ያለው ፈቃድ ትሰጣለች፤ ይህም ለቤተ ሰብ ኑሮ ትልቅ በረከት መሆኑ የማይካድ ነው። ሆኖም በ2023 የስዊድን የወሊድ መጠን 1.45 ነበር። ለወላጅ የሚደረግ እርዳታ ለወላጁና ለሕፃኑ ሲባል ቢደረግ መልካም ነው፤ ሕዝብ ለማብዛት ተብሎ ከተደረገ ግን ሒሳቡ ሳይገጥም ይቀራል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ሁለት መልክ አለው። በ1993 የወጣው የኢትዮጵያ የሕዝብ ፖሊሲ 7.7 ነው የተባለውን የወሊድ መጠን በ2015 ወደ 4 ለማውረድ አስቦ ነበር። በ2016 የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት አገር አቀፉን መጠን 4.6 አድርጎ አገኘው፤ በሶማሌ ክልል 7.2፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 1.8። በአዲስ አበባ መጠኑ ገና በ2000 በተደረገው ጥናት ከሁለት በታች ነበር። ከንቲባ አላዘዘም፤ ለቀበሌ ኮታ አልተሰጠም። ወጣቱ ሥራ እስኪያገኝ፣ ሥራ ያገኘውም ቤት እስኪያገኝ ጋብቻውን ሲያዘገይ፣ ያገባውም በኪራይ ክፍሉ ልክ ሲያስብ፣ ከተማው በራሱ ጊዜ ከአውሮፓ ከተሞች ጎን ተሰለፈ። ወልዶ መሳም፣ ዘርቶ መቃም የሚለው ምርቃት እስከ ዛሬ በየሠርጉ ይነገራል፤ የተመረቁት ግን ከአንድ ወይም ከሁለት በኋላ ይበቃናል ይላሉ። በገጠሩ በኩል ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ባስተማሩባቸው ዓመታት፣ ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች በ2000 ከመቶ 6 የነበሩት በ2016 ወደ 35 ከፍ ብለዋል። ወሊድ እየቀነሰ ሕዝባችን ገና ለብዙ ዓመት መጨመሩ ግን አይቀርም፤ ትናንት የተወለዱት ብዙ ልጃገረዶች ነገ እናቶች ስለሚሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ቢወልዱ እንኳ ድምሩ ብዙ ይሆናልና።

በዓለም ላይ ያለው ክርክር አሁንም አልተዘጋም። አንዱ ወገን የዓለም ሕዝብ በ2022 8 ቢሊዮን መድረሱን እየጠቀሰ፣ ምድር፣ ደንና ውሃ የሚያርፉበት ጊዜ ስለ መጣ የወሊድ መቀነስ ይቀጥል ይላል። ሌላው ወገን ሽማግሌ የበዛበት አገር ሠራተኛ፣ ወታደርና አዲስ ሐሳብ ያጣል ብሎ ይሰጋል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነትነት አለው። የተባበሩት መንግሥታት ሊቃውንት የዓለም ሕዝብ በዚህ መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከ10 ቢሊዮን ጥቂት አልፎ ከዚያ መቀነስ ይጀምራል ብለው ይገምታሉ። የሚያሳስበን ግን ሁለቱም ወገኖች አንዳንድ ጊዜ በአንድ ቋንቋ መናገራቸው ነው፤ ሴቲቱን አንዱ እንደ አደጋ፣ ሌላው እንደ መሣሪያ አድርጎ ያያታል።

ኮሪያ በ2024 ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የወሊድ ጭማሪ አየች። መጠኑ ከ0.72 ወደ 0.75፣ የሕፃናቱ ቁጥር ከ230 ሺህ ወደ 238 ሺህ ከፍ አለ። መንግሥቱ ተደሰተ፤ ጋዜጦቹም የአበሉን ውጤት አዩ። የቁጥር ሊቃውንት ግን ሌላ ምክንያትም አሳዩ። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የዘገየው ሠርግ ከዚያ በኋላ በአንድነት ተደግሶ ነበር። ከዚህም በላይ ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት፣ ዘመቻው ሊቆም በላላበት ጊዜ፣ በየዓመቱ ከ700 ሺህ በላይ ሕፃናት ተወልደው ነበር፤ እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ሠላሳ ዓመት ሞልቷቸው እናቶችና አባቶች በመሆን ላይ ናቸው። በ2002 የተወለዱት ግን ከ500 ሺህ ያነሱ ናቸው፤ እነርሱም ሠላሳ ዓመት የሚሞላቸው በ2032 ነው።